አዎ ወይም ገና

ታብሌቱ ጤና ጣቢያው የገባ ሰሞን አዋላጇን የሚያህል ደስተኛ አልነበረም። እውነቷን ነው፤ ድሮ አምቡላንስ ለማግኘት ስንት ደጅ ይጠና ነበር። አሁን ስክሪኑን ነካ ማድረግ ነው፤ ከተማ ያለው የአምቡላንስ ማዕከል ያዝዛል፣ መኪናው ይነሳል፣ በቃ። አገር በቴክኖሎጂ ልታድግ ነው ተብሎ የለ። ሥልጠናውን አንደኛ ወጥታ ጨረሰችና የምስክር ወረቀቷን ማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

የአምቡላንሱ ሹፌር ግን ለትዕዛዝ የሚመች ሰው አይደለም። ፍሬን መያዝ ስለማይወድ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ፍሬን ይለዋል። አንድ ቀን ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን የታቀፈች እናት በር ላይ ስታለቅስ አየና ማንንም ሳይጠይቅ ጭኗቸው ሄደ። ሕፃኑ ዳነ። አዋላጇ ደግሞ «ያለ ትዕዛዝ ተንቀሳቅሷል» ብላ ለማዕከሉ ላከች። ክፋት አልነበረባትም፤ ሕግ ሕግ ነው ብላ ነው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ከከተማ ሰዎች መጡና ሞተሩ ላይ መቆለፊያ ገጠሙበት። ከዚያ ወዲህ ማዕከሉ ካላዘዘ መኪናው አይነሳም። ትዕዛዙን ከሳተላይት ይሰማል አሉ፤ መስማት እንጂ መናገር አልተሰጠውም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ የገዛ ታናሽ እህቷ እጇ ላይ ወለደች። ሴት ልጅ፣ ጩኸቷ ግድግዳ የሚሰነጥቅ። ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። መርፌ ወጋቻት፣ ማህፀኗን በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘች፤ ደሙ አልሰማ አለ። ደም የሚሰጠው ሆስፒታል ብቻ ነው።

«ጋሽ ፍሬን፣ መኪናውን አስነሳው» አለች በመስኮት።

ሹፌሩ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። መኪናው ዝም። «ልጄ፣ እንደምታውቂው ነው» አላት። ያለፈውን አላነሳባትም። ቢያነሳባት ይሻላት ነበር።

ኔትወርክ ያለው የውሃ ታንከሩ የቆመበት ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ታብሌቱም የሚከፈተው በእሷ አውራ ጣት ነው፤ ሰው ልላክ ብትል ጣቷን ቆርጣ አትሰጥ። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠራችና በራሷ እጅ ቦታ የሴትዮዋን እጅ ተካች። «እትዬ፣ እንዲህ አድርገሽ ተጫኚ፤ ምንም ቢመጣ እንዳትለቂ።»

እህቷ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ «የት ልትሄጂ ነው?» አለች።

«የትም። መጣሁ።»

ሮጠች። ጉብታው ላይ አውራ ጣቷን ስትጫን ታብሌቱ አላውቅሽም አላት፤ ጣቷ ደም ብቻ ነው። በምራቋ አርሳ በቀሚሷ ጠረገችው፤ ተከፈተ። ላከች። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። በስንት መከራ አረንጓዴ ሆነችና ከታች የሞተር ድምፅ ተሰማ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም።

ስትደርስ ጋሽ ፍሬን ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀምጧል። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን እጇን ከእህትየዋ ሆድ ላይ አላነሳችም። «አልለቀቅኳትም» አለች፣ «እሷ ናት የሄደችው።»

አዋላጇ የእህቷን ዓይን ከድና ልታለቅስ አፏን ስትከፍት፣ ሌላ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ይዘው ገቡ። የልጁ ክንድ ቀድሞ ወጥቷል፤ እዚህ የሚወለድ አይደለም። እዬዬም ሲዳላ ነው። ጋሽ ፍሬን ተነስቶ ቁልፉን አዞረ። መኪናው ዝም። አንዴ ከጠፋ አዲስ ትዕዛዝ ይፈልጋል፤ የአንዷ ጉዳይ ሳይዘጋ ደግሞ ለሌላዋ አይታዘዝም።

እንደገና ጉብታው ላይ ወጣች። ስክሪኑ አንድ ጥያቄ ይዞ ጠበቃት፤ «እናት ሆስፒታል በሰላም ደርሳለች?» ከሥሩ «አዎ» እና «ገና» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ወደ ማዕከሉ ደወለች።

«ሞታለች። የቱን ልንካ?»

በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሠራተኛ መለሰላት። «እህቴ፣ ለእሱ የተሠራ ቦታ የለም። ‹ገና› ካልሽ መኪናው በእሷ ስም እንደተያዘ ይቆያል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነፍስ ይማር» አላት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ታብሌት ከሁለቱም ይብሳል። ከታች ምጥ የያዛት ሴት ባል ሁለት እጁን እያወዛወዘ ይጣራል። አዋላጇ ጥፍሯ ሥር የእህቷ ደም በደረቀበት ጣት «አዎ» የሚለውን ተጫነችና አዲሱን ጥሪ ላከች።

ስክሪኑ አመሰገናት። ጣቢያው በዚህ ወር አንዲትም እናት እንዳልሞተችበትና ከአካባቢው አንደኛ መሆኑን አበሰራት። ከታች ሞተሩ ተነሳ፤ ጋሽ ፍሬን እንደ ልማዱ ፍሬን ሳይነካ ነጎደ። መኪናው ከዓይኗ ሲጠፋ ታንከሩ ሥር ተቀመጠችና እህቷን አለቀሰች።