ኮሮኔት ውስጥ ያፏጨው ሰው

በወደብ ከተማችን በዋርናምቡል ኮሮኔትን የማያውቅ የለም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ቴያትር ቤት ነው፤ ባለ ሁለት ደርቡ ትልቁ አዳራሽ፣ ፎቅ ላይ ያለው ትንሹ፣ ምድር ቤት ደግሞ ወጣቶቹ የሚጮኹበት። እኔ የምሠራው በትልቁ ነው፤ ከመድረኩ በላይ፣ ገመዶቹ በሚታሰሩበት ጠባብ ወለል ላይ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገመድ ስቤያለሁ። ትምህርቴን በአሥራ አራት ዓመቴ ስለተውኩ መጻፍ ብዙ አይሆንልኝም። ይህን ግን ሌላ ሰው አሳምራለሁ ብሎ ሳያበላሸው ራሴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ያን ቤት የሠሩት ሰዎች ገመድ ሳቢ አድርገው የቀጠሩት ከወደቡ መርከበኞችን ነበር። መርከበኛ በፉጨት ነው የሚታዘዘው፤ እኛም እስከዚያ ሐሙስ ድረስ እንደዚያው ነበርን። አንድ ፉጨት አውርድ፣ ሁለት ፉጨት አውጣ። ስለዚህ ኮሮኔት ውስጥ ዝም ብሎ ማፏጨት ነውር ነው። ያፏጨ ሰው፣ ስመ ጥር ተዋናይም ቢሆን፣ በጓሮ በር ይወጣል፣ ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ አንድ ስድብ ይሳደባል፣ ከዚያ አንኳኩቶ አስገቡኝ ብሎ ይለምናል።

ሐሙስ ጠዋት የደህንነት ተቆጣጣሪው መጣ። ትሬንት ሃሊዳይ ይባላል፤ ጫማው አዲስ፣ ጸጉሩ የተቀባ። የመጣው ለትልቁ መጋረጃችን ነው። መጋረጃው ላይ የገዛ ባሕራችን ተስሏል፤ የዓሣ ነባሪ አዳኞቹ ጀልባዎች፣ ከበስተኋላ ደመናው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሰማያዊው ቀለም ዛሬም እርጥብ ይመስላል። ትሬንት ካሳለፈው፣ ቅዳሜ ማታ በሕዝብ ፊት ይወርዳል። ካላሳለፈው ይጠቀለልና ሜልበርን ሙዚየም መጋዘን ይገባል፤ ከዚያ መጋዘን የወጣ ነገር ደግሞ አላየሁም።

ላይ የነበርነው እኔና ሌላው ገመድ ሳቢ ዱጋል ነን። ዱጋል ንጋት ላይ ላሞቹን አልቦ ነው የሚመጣው፤ ሽታቸው አብሮት ይመጣል። እሱ የቀኙን ገመድ እኔ የግራውን ይዘናል። አንዳችን ለቀን አንዳችን ብንይዝ መጋረጃው ይዛባል፣ ያ ያረጀ ሸራ ከመሀል ይቀደዳል። ታች መድረኩ ላይ ክላሪ አለ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ መሰላሉን እንቢ ስላለው የቀረለት ሥራ ማፏጨት ነው። የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ማርጎትም ከተቆጣጣሪው ጋር ቆማለች።

ክላሪ አንዴ አፏጨ፤ አወረድን። ሁለቴ አፏጨ፤ መሳብ ጀመርን። መጋረጃው ገና ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ እንዳለ ከታች አንድ ረጅም ፉጨት መጣ።

የክላሪ እንዳልሆነ ጆሮዬ አውቋል። የክላሪ አጭር ነው። ግን ዱጋልን ዞር ብዬ ባየው እጁ ቀድሞ ላልቷል። ለማሰብ ጊዜ አልነበረም፤ እኔም ለቀቅሁ። መጋረጃው ሳይዛባ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። ታች አንድ ሰው ሲወድቅ ሰማሁ።

መሰላሉን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ትሬንት መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ክላሪ ኮሌታውን እንደያዘ ነው። ሥዕሉን ቀረብ ብሎ ለማየት ከሥሩ ገብቶ ኖሮ ክላሪ ነው ጎትቶ ያወጣው።

«ማነው አውርዱ ያለው?» አለ ትሬንት ፊቱ አመድ መስሎ።

«አንተ» አለው ክላሪ።

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«አፏጨህ እኮ ወዳጄ።»

«ሥዕሉ ገርሞኝ ነው።»

«ገመዱ አይገርመውም፤ ይሰማል።»

ትሬንት ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና እንደገና አውጡልኝ አለ። እኔ እንቢ አልኩ።

«መጀመሪያ ውጣና ሦስት ጊዜ ዙር። ተሳደብ። አንኳኳ።»

«ግሌኒስ፣ በእናትሽ» አለች ማርጎት። «የማለፊያው ወረቀት በእሳቸው እጅ ነው። ይተዉት አቶ ሃሊዳይ፣ የቤታችን ቀልድ ነው።»

«ቀልድ አይደለም» አልኩ።

«ካልሳባችሁ አላለፈም ብዬ ነው የምጽፈው» አለ እሱ።

«ጻፍ። ገመዱን ግን አልነካም።»

ክላሪ ሳቅ አለ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቃታለሁ፤ ቃሏን ስታጥፍ አላየሁም። ምሳህን ካመጣህ ቁጭ በል።»

ያ መጋረጃ በእኔ አፍ ምክንያት መጋዘን ቢገባ ለክላሪ ምን እላለሁ? ቢሆንም ያመንኩትን ለትሬንት ነገርኩት፦ «አይዞህ ምንም አይደል የተባለ ሰው ነገም ያፏጫል። ወጥቶ በነፋስ የዞረ ሰው ግን ሁለተኛ አይረሳም። አንተስ ደንብ የምትጽፈው ለዚህ አይደል እንዴ?»

ትሬንት ወረቀቱን ለማርጎት አስይዞ በጓሮ በር ወጣ።

ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ዝናብ ቀላቅሏል። በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ሦስቴ ዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ደደብ» አለ።

«አልተሰማም» አለ ክላሪ ከውስጥ።

«ደደብ አልኩ።»

«ማን?»

«እኔ ነኛ፤ ሌላ ማን አለ? በሩን ክፈቱልኝ በናታችሁ።»

ዱጋል እየሳቀ ከፈተለት። ተመልሰን ወጣን፤ ክላሪ ሁለቴ አፏጨ፤ መጋረጃውን እስከ ጣሪያው ሳብነው። ትሬንት ከሥሩ ርቆ ቆሞ፣ አፉን በእጁ ይዞ ነበር።

ወረቀቱ ላይ አልፏል ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨመረ፤ ከዛሬ ጀምሮ ምልክቱ በፉጨት ሳይሆን በመብራት ይሁን ይላል። ልሟገተው አፌን ስከፍት ክላሪ ክንዴን ያዘኝ።

«ተይው ግሌን። ልክ ነው። ዛሬ ኮሌታው ላይ ባልደርስስ ኖሮ?»

ቅዳሜ አዳራሹ እስከ ላይኛው ደርብ ሞላ። ክላሪ ማብሪያውን ሲጫን አጠገቤ ያለው ትንሽ ቀይ መብራት በራ፤ ለቀቅን። እኛ ከላይ የምናየው የሸራውን ጀርባ ብቻ ነው፤ ስፌቱን፣ የእርሳስ ምልክቱን፣ ሙጫውን። ጀልባዎቹን አናይም። ግን ስምንት መቶ ሰው በአንዴ ዝም ሲል ከላይ ይሰማል። ዱጋልን አየሁት፤ ገመዱን እንደያዘ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።