አራቱ ሰፈሮች የመንግሥታት ማኅበር ያቋቋሙ ጊዜ

አገራችን ጄኔቭ ካለው የመንግሥታት ማኅበር የገባች ጊዜ ወሬውን አዳማ ያደረስኩት እኔ መርዳሳ ነኝ። ባቡሩ ነው ያደረሰው የሚሉ አሉ። ባቡሩ ያመጣው አጥንቱን ነው፤ ሥጋ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ፈረንሳዮቹ ዘንድ ጥቂት ተምሬ ፊደላቸውን እስከ ግማሽ ደርሻለሁ፤ የጎደለውን ከራሴ እሞላለሁ።

ጣቢያው አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ሰው ሰብስቤ፣ "ጠረጴዛቸው ከዚህ እስከ ሞጆ ይደርሳል" አልኳቸው። "እዚህ ጫፍ የተቀመጠ ንጉሥ ጨው አቀብሉኝ ቢል፣ ጨዉ የሚደርሰው ለልጁ ነው።"

"ወጡስ?" አለ ነጋዴው አብዱናሲር።

"በፈረስ ይዞራል።"

"ሲጣሉስ?"

"አንዱ ሌላውን ቢበድል ተሰብስበው ይፈርዱበታል። ብቻ ሁሉም እሺ ማለት አለባቸው። አንድ ሰው እምቢ ካለ ፍርድ የለም።"

ይቺ የመጨረሻዋ ከራሴ የጨመርኳት አይደለችም። የጣቢያው ጸሐፊ ጋሼ ገብረወልድ ሲያወራ የሰማኋት ናት።

ሁሉም ሳቀ። ያልሳቀችው አዴ እልፍነሽ ብቻ ነበረች። ባሏ የሞተባት የታች ሰፈር ሴት ናት። ከተራራው ሥር የሚወጣው ምንጭ አራቱንም ሰፈሮቻችንን ያጠጣ ነበር፤ የላይ ሰፈሩ ኦቦ ደገፋ ወደ በርበሬ ማሳው ጠልፎ እስኪወስደው ድረስ። ከዚያ ወዲህ ወደ ታች የሚወርደው ጭቃ ነው። ከእልፍነሽ ጥማድ አንዱ በሬ በጥም ሞቷል። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ሁለቱንም ያጣ ግን ማን ያቀናጀዋል? የቀራት በሬ ከሰኔ በፊት ከወደቀ መሬቷን ለሌላ ለቃ ልጆቿን ይዛ መሰደዷ ነው።

"መርዳሳ" አለችኝ፣ "ያ ማኅበር እዚህስ አይቋቋምም?"

"ንጉሥ ይፈልጋል፣ አዴ።"

"ደገፋ ንጉሥ ነኝ ብሎ የለ? በል ጀምር!"

እኔ ለቀልድ ጀመርኩት፤ እሷ ግን ቤት ለቤት ዞራ ከአራቱም ሰፈር ሰው አስማለች። ጋሼ ገብረወልድም ዳኛ ሆነ።

ስሕተቱ የገባው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ማኅበር ከተባለ ድግስ አለ፣ ድግስ ካለ ደግሞ ተረኛ አለ። የጄኔቭ ሰዎች ሳይበሉ ይሰበሰባሉ ቢባል ማን ያምናል? ተረኛው ማን ይሁን ሲባል፣ "እኔ!" ብሎ ብድግ ያለው ኦቦ ደገፋ ነው። ለክርስቲያኑ ወይፈን ጣለ፤ ለእስላሙ ፍየል ሰጥቶ አብዱናሲር በእጁ አረደው። በላን። የሰው እህል እየጎረሱ በባለቤቱ ላይ መፍረድ ነውር ነውና ጋሼ ገብረወልድ አፉን ጠርጎ፣ "የውሃው ነገር ወደፊት ይታያል" ብሎ መረቀ።

ቀጥሎ ተረኛው አብዱናሲር ነበር። ደገፋ፣ "ነጋዴ መንገደኛ ነው፣ ለምን ይቸገራል? እኔ ልተካለት" አለ። አሁንም በላን፤ አሁንም መረቀ። በርበሬው ቀላ፤ የእልፍነሽ በሬ የጎድን አጥንት ከሩቅ ይቆጠር ጀመር።

ለሦስተኛው ድግስ እዚያው ቤት ስንገባ እልፍነሽ ታጠበችና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

"ብዪ እንጂ!" አለች የደገፋ ሚስት ዘርፉ።

"አልበላም።"

"አመመሽ እንዴ?"

"ደህና ነኝ። ውሃዬ ካልተለቀቀ የዚህን ቤት እህል አልቀምስም።"

እንግዳ እህል አልቀምስም ካለ፣ አቤቱታው ሳይሰማ መጉረስ ነውር ነው። ይህን ደንብ ከሆድ በቀር ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የያዝኩትን ጎድን መልሼ አስቀመጥኩ። ስለየው አለቀሰ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ስቡ ነው የተንጠባጠበው የሚሉ አሉ።

"መርዳሳ!" ብሎ ጮኸ ደገፋ። "አንድ ሰው እምቢ ካለ ፍርድ የለም ያልከው አንተ አይደለህም? ይኸው፣ እምቢ ብያለሁ! ብሉ!"

"ሁሉም እሺ የሚለው ለፍርድ ነው፣ ኦቦ። ላለመብላት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።"

አብዱናሲር እጁን ሰበሰበ። የታች ሰፈር ሰዎችም ተከተሉት። ጋሼ ገብረወልድ፣ "እኔ ዳኛ ነኝ፣ ወገን አልይዝም" አለና ወገን ሳይዝ ሁለቴ ጎረሰ።

እልፍነሽ ተነሣች። "ያልበላችሁ ተከተሉኝ። ዶማ ያለው በዶማው፣ የሌለው በእጁ።"

"ኧረ ገበታዬን ጥላችሁ አትውጡ! ገበያ ላይ ምን ይሉኛል?" እያለች ዘርፉ ደጅ ድረስ ሸኘችን።

ደገፋ በአቋራጭ ሮጦ ቀደመንና ምንጩን የጠለፈበት ግድብ አፈር ላይ ቁጭ አለ። "መጀመሪያ እኔን ቆፍሩኝ!"

"አንነካዎትም" አለች እልፍነሽና ከጎኑ መቆፈር ጀመረች። እኛም በዚህም በዚያም ቆፈርን። ውሃው በግራ ወጣ፣ በቀኝ ወጣ፤ ደገፋ መሐል ላይ ደሴት ሆኖ ቀረ። ቀስ በቀስ የተቀመጠበት ሟሟ፤ እሱ ግን ወገቡ ድረስ እስኪጠልቅ አልተነሣም። ዓሣ ኪሱ ገባ ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ፣ ስለዚህ ትቼዋለሁ።

ጋሼ ገብረወልድ በኋላ ደርሶ፣ "ማኅበሩ ውሃውን በፈረቃ ሊያደርግ አስቧል" አለ።

"ያስብ" አለች እልፍነሽ ሳትዞር። "ሲጨርስ ደጄ ይምጣ። እኔ ቤት መጀመሪያ አቤቱታ፣ ከዚያ ቆሎ ነው።"

በሬው ከታች ተጋድሞ ነበር፤ ውሃው ጋ ለመድረስ አቅም አልነበረውም። በቅል እየቀዳች አፉ ውስጥ አንጠባጠበችለት። መጀመሪያ ፈሰሰ። ከዚያ ዋጠ። ከዚያ ምላሱን አውጥቶ ቅሉን ላሰ።

"ደገፋ ነገ መልሶ ይደፍነዋል፣ አዴ" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"እና?"

"መልሰን እንከፍተዋለን። ከነገ ወዲያም ከደፈነው ከነገ ወዲያ።" ቅሉን ሞልታ ሰጠችኝ። "በል ጭንቅላቱን ደግፍልኝ፣ ወሬህን ኋላ ታወራለህ።"