ውኃ የማይዛቸው ንቦች

ጢስ አይሆንም፣ እሳቱ እስኪያያዝ ዘውድነሽ ታልቃለች፣ እናቴ ማርያም ሚስቴን አትንሽኝ፣ ፈረሱን ቀፎው ስር ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ ከእንጅባራ ከጉግሱ ላቡ እየተንጠፈጠፈ አምጥቼ፣ ንብ የፈረስ ላብ እንደማይወድ ሕፃን ያውቃል፣ ለአፍታ ብዬ፣ ውኃ ጠጥቼ ልመለስ ብዬ። እሷ ልትፈታው ገባች። ፈረሱ ገመዱን በጥሶ ሄደ፣ ንቡ እሷ ላይ ቀረ። ፊቷ አይታየኝም። ፊቷ ንብ ነው።

እንስራውን እገለብጥባታለሁ፣ ምንም፣ ውኃው ጀርባቸው ላይ ድብልብል ብሎ ይንከባለላል፣ ጎመን ቅጠል ላይ እንዳረፈ ዝናብ፣ ክንፋቸውን አራግፈው እንደገና እሷው ላይ፣ ሁለተኛውንም ደፋሁት፣ ያው ነው፣ ለጊዮርጊስ የጧፍ ሰም የማወጣባቸው ንቦቼ እነሱም ሰም የተቀቡ ናቸው መሰል፣ እጄን ነደፉኝ፣ ይንደፉኝ።

አንተ ምንይችል፣ ይላል ጎረቤቴ ሽባባው ከአጥር ወዲያ፣ የልብሱን ውኃ፣ የኦሞውን። ንጹሑ ያልያዛቸውን እሱ ምን ያደርጋቸዋል? ድፋ አልሁህ እኮ፣ እሷ እየሞተች ትከራከረኛለህ?

ሳፋው ደጃፍ ነው፣ ጋቢዬን ዘፍዝፋበታለች፣ ከነጋቢው አነሳሁት፣ ከአናቷ ጀምሬ።

አይንከባለልም። ይተኛባቸዋል። ጠጉራቸው ውስጥ ይሰርጋል፣ ክንፋቸውን ከጀርባቸው ያጣብቀዋል፣ እየረገፉ ነው፣ እንደ ቆሎ፣ ጌታዬ የአንተ ፍጥረቶች ናቸው ይቅር በለኝ፣ ትንሽ ቀራቸው፣ ከአንገቷ፣ ከጆሮዋ ስር።

ጎትቼ ቤት አስገባኋት። ከንፈሯ አብጧል፣ ዓይኗ የለም፣ ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል፣ እሾሁን በጥፍሬ እፍቃለሁ፣ አንዱን ሳወጣ ሌላው፣ ሽባባው ኔትወርክ ፍለጋ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ባጃጅ ይጠራል፣ አለሁ በለኝ፣ ትሰማኛለህ፣ የዘንገናን መንገድ ይዘህ ና ይላል፣ ምነው ትንፋሿ ቀጠነ፣ ዘውድነሽ፣ አቤት በይኝ፣ አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር ስምህ ይቀደስ፣ ስምህ ይቀደስ፣ ከዚያ ምን ነበር፣ ዕድሜ ልኬን ያልሁት፣ ጠፋኝ፣ ስምህ ይቀደስ፣

አንተ።

እሷ ናት?

ጋቢህን ጭቃ ላይ ደፋኸው።

አዎ። ደፋሁት።

ለበዓል ብዬ የዘፈዘፍሁትን። እንዴት ያለህ ዝርክርክ ነህ።

ነኝ፣ ዝርክርክ ነኝ፣ የባጃጁ ድምፅ ገና አልተሰማም፣ ዝም አትበይ፣ ስለ ጋቢው ሌላም በይኝ፣ ስደቢኝ፣