በሚካኤል ዕለት ገደሉ ሥር

«ይታይሽ ምላሰኛ ናት» ይሉኛል። ይበሉኝ! ያን ቀን ምላሴ ምን ሠራልኝና።

ርብ ወንዝ ዳር አሸዋ እናወጣለን፤ ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ እኛ ሴቶቹ ተሸክመን መኪና ላይ እንጭናለን። የወንዙ ዳር ከሥሩ ተቦርቡሮ ተቦርቡሮ ከላይ እንደ ጣሪያ ተንጠልጥሏል። ባለፈው ወር ቁራጩ ወርዶ የአንዱን ቆፋሪ፣ የሰውመሆንን እግር ሰበረው። በዚያ ሰበብ ነው ተቆጣጣሪ የመጣብን። አፋፉ ላይ በቀይ ቀለም አሰመረና «ከዚህ ቀለም ወደ ወንዙ ያለው አፈር ከላይ ተንዶ ሳይወርድ ከሥሩ ሰው እንዳይገባ!» ብሎ አስጠነቀቀን። ይህን ያለን ወሩ በገባ በአሥራ አንድ ነው። ማግስቱ ሚካኤል። በሚካኤል ደግሞ መሬት አይቆፈርም።

«በአሥራ ሦስት እንንደዋለን» አሉ የአሸዋ ማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ያየህ።

እሺ፣ ይሁን። ግን የሚካኤልን ጽዋ የት ቢጠጡ ጥሩ ነው? እዚያው ገደሉ ሥር! ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሜዳው ላይ ዛፍ የለም። ደግሞም ካልተቆፈረ አይናድም አሉ፤ በበዓል ቀን ማን ይነካዋል አሉ። ባሌ በላይነህ የዕለቱ ጽዋ ተቀባይ፣ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር የሚረከበው ተረኛ ነበርና መካከላቸው ተቀምጧል።

እኔ የጽዋውን ዳቦ ተሸክሜ በአፋፉ ስመጣ ቀዩን መስመር አየሁት። ተሰንጥቋል። እጄን ብሰድ እስከ ክርኔ ገባ። ዳቦውን እዚያው ጥዬ ቁልቁል ተንደረደርሁ።

«ውጡ! ተሰንጥቋል፣ ውጡ!»

«ኧረ ይቺ ሴት! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አለ አንዱ። ሳቁ።

«በላይነህ፣ በልጆችህ ሞት ተነሣ!»

«አባ ሳይባርኩ እንዴት ብዬ? አታዋርጂኝ እንጂ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እውነቱን ነው፤ ካህን ሳይባርክ ከጽዋ አይነሣም። የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሐና ደግሞ ገና ጸሎቱን መጀመራቸው ነው። ፍርፋሪ አፈር ጋቢያቸው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ፈራሁ፣ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ካህን ከተነሣ ግን ሁሉም ይነሣል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«አባ፣ የሚሞት ሰው አለ! ሳይናዘዝ ነፍሱ እንዳትወጣ፣ ይድረሱለት!»

ዋሸሁ። በሚካኤል ዕለት የነፍስ አባቴን ዋሸሁ። አባ መስቀላቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ ሁሉም ተነሥቶ ተከተላቸው። ፀሐዩ ላይ ወጥተን ሳያቸው በላይነህ የለም።

ጽዋውን ሊያነሣ ተመልሷል። ተረኛው እሱ ነዋ፣ ጽዋ መሬት ላይ ጥሎ እንዴት ይወጣል! «ተወው!» ብዬ ስጮኽ ቀና ብሎ አየኝ። ገደሉ ወረደ።

ዛሬ ሚካኤል ነው ያለ ሰው የለም። አቶ ያየህ ራሳቸው በጥፍራቸው ይቆፍሩ ነበር። ጎትተን ስናወጣው አፉ አፈር ሞልቷል፣ ትንፋሹ መለስ ይላል፣ ደግሞ ይጠፋል። አባ ተንበርክከው መስቀሉን ግንባሩ ላይ አደረጉና «እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ» ማለት ጀመሩ።

እጃቸውን አፈፍ አደረግሁ። «ይተዉት አባ! ዋሽቼዎት ነው! የሚሞት ሰው የለም፣ ውሸቴን ነው!»

አባ ግን መስቀሉን አላነሡም።