የእሁዱ ድራማ መጨረሻ

«ያቺ የሰዑድ ሚስት የነበረችው አይደለችም?» አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠች ለቅሶ ደራሽ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ እያስቀመጠች።

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምታለች። ኑርሀያት ገና ደፉ ላይ ቆማለች። ከዚህ ቤት ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው። የቀድሞ አማቷ የእማ ዑምኩልሱም መርዶ ደሴ የደረሳት ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ ዛሬ እሁድ ሦስተኛ ቀናቸው። መንገዱን ሁሉ የፈራችው አንድ ነገር ነበር፤ ሰዑድ በሰው ፊት ያስወጣትና ሳታለቅስላቸው፣ ሳታመሰግናቸው ትመለስ ይሆናል።

የሟች ልጅ ኢንሳፍ ከጓዳ ብቅ ስትል አየቻት።  እጇን ይዛ፣ በተሰበሰበው ሴት መሀል አሳልፋ፣ ከእማ ባዶ አልጋ ራስጌ ወደተነጠፈው ፍራሽ ወሰደቻት። እዚያ የሚቀመጠው የሥጋ ዘመድ ነው። ሹክሹክታው ቤቱን ዞረ።

«አላህ ይዘንላቸው» አለች ኑርሀያት። ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ ኢንሳፍ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ልቅሶ ነውና ለማቆምም አልቸኮለች።

ቀና ስትል ቴሌቪዥኑን አየችው። በነጭ ሻሽ ሸፍነውታል፤ የለቅሶ ቤት ነገር፣ አይከፈትም። ቢከፈት ኖሮ ይኼኔ የእሁዱ ድራማ ሰዓት ነው።

እማ ዑምኩልሱም ድራማ ሲወዱ ለጉድ ነበር። ሰግደው፣ ትራሳቸውን ደገፍ ካሉ በኋላ ሰው ትንፍሽ እንዲል አይፈቅዱም። ችግሩ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ድምፁን ይሰማሉ እንጂ ምስሉ አይታያቸውም። ስለዚህ ኑርሀያት ተጠግታ ትነግራቸዋለች።

«አሁን ምን እያደረገች ነው?» ይላሉ።

«በሩን ቆልፋ ልጆቿን አቅፋለች።»

«እሱሳ?»

«ደጅ ቆሟል።»

«ቆሞ ይቅር» ይላሉ እማ፣ ሰውየው የሚሰማቸው ይመስል።

የዚያ ዓመት ድራማ ባሏ ስለሚደበድባት እናት ነበር። ትሄዳለች፣ አትሄድም እያሰኘ የሐይቅ ከተማን ሴት ሁሉ ልብ ሰቅሎ ከረመ። አንድ እሁድ ኑርሀያት ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ታወራለች። «ፊቷን አይመታትም። ሰው እንዳያይ ጆሮዋ ሥር ነው፣ በቀበቶው ዘለበት። ልጆቹ እንዳይሰሙ የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች» አለች።

እማ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ከጆሮዋ ሥር ዳበሷት። እብጠቱን አገኙት።

«ልጄ» አሉ፤ «ይኼ እኮ የሳሙና ማስታወቂያ ነው። የምትነግሪኝ የማንን ነው?»

ኑርሀያት ደንግጣ አየች። እውነትም አንዲት ሴት አረፋ በአረፋ ሆና ትዘፍናለች።

አሮጊቷ ብዙ አልጠየቁም። «ከሆዴ የወጣ ልጄ ነው» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «አንቺም ልጄ ነሽ።» ቆየት ብለው ደግሞ፣ «የድራማዋ መቼ ነው የምትሄደው?»

«እንጃ፣ እማ። የመጨረሻው ክፍል የሚመጣው እሁድ ነው።»

«አንቺ ሐሙስ ትሄጃለሽ። አብሽሪ።»

ሐሙስ ጠዋት እኒያ በሽታ የማያውቃቸው ሴትዮ «ሆዴን» ብለው ተጋደሙ። ሰዑድን ጠርተው እጁን ጭብጥ አደረጉት፤ ውሃ ልጠጣ ቢልም አልለቀቁትም። ጎረቤታቸው ሙሉአለም የልጆቹን ልብስ በማዳበሪያ ተሸክማ፣ ወፍጮ ቤት እንደሚሄድ ሰው በጓሮ በር ወጣች። ኑርሀያት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ተከተለቻት። የደሴው ሚኒባስ ሲንቀሳቀስ ሰዑድ ገና የእናቱ እጅ ውስጥ ነበር።

አሁን የሰዑድ ድምፅ ደጅ ከተተከለው የለቅሶ ድንኳን ይሰማል። «አንድ ሐሙስ ታማ» ይላል ለወንዶቹ፤ «ከጠዋት እስከ ዙሁር ሶላት እጇን ይዤ ዋልኩ። ወላሂ፣ እናቴን የካስኳት ቀን ቢኖር እሱ ነው።»

ኢንሳፍና ኑርሀያት ተያዩ። ብዙም ሳይቆይ ሰዑድ ራሱ ትሪ ሊወስድ ብቅ አለና አያት። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ፍራሹ ዞሩ።

«በማን ፈቃድ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?»

ኢንሳፍ ከፍራሹ ዘላ ልትነሳ ነበር። የዚያን ሐሙስ ሕመም ምስጢር ልትነግረው መሆኑ ኑርሀያት ገብቷት ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት። እማ በሕይወት ሳሉ ያልገለጡትን በለቅሷቸው ላይ መግለጥ ምን ያደርጋል። ያቺ ቀን ትቅርለት አለች በልቧ።

«እናቴን ላለቅስ ነው የመጣሁት» አለችው።  «ዱዓው ሲያልቅ እሄዳለሁ።»

ሙስሊም ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት ዕድር፣ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ታረቀኝ ከድንኳኑ ተጣሩ። «ሰዑድ፣ ና ልጄ። ቅሬው ከተቀመጠበት ለቅሶ ሰው አይባረርም።»

ሰዑድ ትሪውን ይዞ ወጣ። 

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ኢንሳፍ፣ ሴቶቹ ወደ ወሬያቸው ሲመለሱ። «አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ቀን የድራማው የመጨረሻ ክፍል መጣ። ለእናቴ ልነግራት ስጀምር አጥፊው አለችኝ። ኑርሀያት መጥታ ትነግረኛለች አለች። ሰው ሲያወራው እንኳ ጆሮዋን ትይዝ ነበር። መጨረሻውን ሳትሰማ ሄደች።»

ኑርሀያት አይታዋለች፤ ደሴ፣ ያስጠጓት ሰዎች ሳሎን ውስጥ ቆማ፣ አንዷን ልጅ አዝላ። ከፍራሹ ተነሳችና ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትራሱ እንደነበረ ነው። ጎንበስ አለች።

«እማ፣ ወጣች» አለች በሹክሹክታ። «ልጆቿን ግራና ቀኝ ይዛለች። በሩን ዘጋችው፤ ዞራም አላየች። አውቶብስ ውስጥ ትንሿ ጭኗ ላይ ተኛች።» ትራሱን በእጇ ዳበሰችና ቀጠለች። «አሁን የልብስ ስፌት መኪና አላት። ትልቋ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ትንሿ አስቸጋሪ ናት፣ ሳቋ የአንቱ ነው። ማንም አይመታትም፣ እማ። አልሐምዱሊላህ። አላህ ይስጥልኝ ትልዎታለች።»

ድራማው የቱ ጋ እንዳለቀ ኢንሳፍ አውቃለች፤ አላቋረጠቻትም።

ኑርሀያት ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች፤ ያኔ እማ የዳበሷትን፣ ከጆሮዋ ሥር ያለውን ቦታ ትራሳቸው ላይ አሳረፈችው።