አንድ ሰው ብቻ ይገባል

በሰኔ ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በጃፓን ኦታ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የማዋለጃ ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የወላጆች ትምህርት ይሰጥ ነበር። የተገኙት አዋላጇ ሆሪ፣ አራት ጃፓናውያን ባሎች ከነሚስቶቻቸው፣ ኔፓላዊው ምግብ አብሳይ ዩብራጅ ጉሩንግ፣ እንዲሁም ማንም ያልጠራቸው እናቱ እማ ቺጃ ነበሩ።

ከዩብራጅ ጎን መቀመጥ የነበረባት ሚስቱ አስሚታ ናት። ነገር ግን እግሯ አብጦ ሐኪሙ «ተኚ» ስላላት ወንበሯ ባዶ ሆነ። እማ ቺጃ ደግሞ ባዶ ወንበር አይተው የሚያልፉ ሴት አይደሉም። ምራታቸውን ሊያርሱ ከኔፓል፣ ከፖካራ ከመጡ ገና አሥር ቀናቸው ነው፤ ጃፓንኛ አንድ ቃል አይሰሙም፤ ያ ግን ከመናገር አላገዳቸውም።

የክሊኒኩ ደንብ አጭር ነው። ምጥ ክፍል የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው ይህን ትምህርት ጨርሶ፣ በእናትና ልጅ ደብተር ላይ በስሙ ቀይ ማኅተም ያስመታ መሆን አለበት። ትምህርቱ በወር አንዴ ይሰጣል፤ አስሚታ የምትወልደው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ለዩብራጅ ከዚህች ማክሰኞ ሌላ ማክሰኞ አልነበረውም።

አስሚታ አንድ ዓመት በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ሠርታ የለመደችው ጃፓንኛ «አመሰግናለሁ»፣ «ይቅርታ» እና «ከባድ ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

«በሦስት ቃል አልወልድም። አንተ ካልገባህ እኔም አልገባም» ብላው ነበር።

ዩብራጅም እንደሚገባ ቃል ሰጥቶ፣ ከሚሠራበት ምግብ ቤት ፈቃድ ለምኖ፣ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ።

ሆሪ ከቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ወፍራም ሰደርያ አወጣች። ሆድ አለው፣ ጡት አለው፣ ስምንት ኪሎ ይመዝናል። ባሎች ሚስቶቻቸው የተሸከሙትን እንዲያውቁ ተራ በተራ ይለብሱታል፤ ለብሰው ይተኛሉ፣ ይነሳሉ፣ ከወለል ላይ እርሳስ ያነሳሉ። አራቱ ጃፓናውያን ለብሰው አቃሰቱ። ሚስቶቻቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው እየሳቁ ፎቶ አነሷቸው። ከዚያ የዩብራጅ ተራ ደረሰ። ገና ማሰሪያውን ሳያጠብቅ እማ ቺጃ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ካንቻ!» አሉ። የመጨረሻ ልጃቸው ስለሆነ የሚጠሩት እንዲህ ነው። «ምንድነው የሚያለብሱህ?»

«የእርጉዝ ሆድ ነው፣ እማ። ክብደቱን እንዳውቀው ነው።»

«ጡት አለው እኮ!»

«አዎ፣ አለው።»

«አባትህ ይህን ቢያይ ሁለተኛ ይሞት ነበር። አውልቅ።»

«እማ፣ እባክሽ፣ ሰው እያየን ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ሰው እያየህ ነው!»

ሰደርያውን ከላዩ ገፈው በእጃቸው መዘኑት። «ከብዶን ነው የሚሉት ይህን ነው? እኔ አንተን በሆዴ፣ ወንድምህን በጀርባዬ፣ የከብቱን ሣር በግንባሬ ማንገቻ ተሸክሜ ነው የመንደራችንን ዳገት የወጣሁት።» ይህን እያሉ ለበሱት። ተኙ፣ ተነሱ፣ እርሳሱን አነሱ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው በደረጃው እስከ ምድር ቤት ወርደው ተመልሰው መጡ፤ ትንፋሻቸው እንኳ አልፈጠነም። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እርሳሱን ለማንሳት ሁለቴ የተንበረከከው ረጅሙ ባል ዝቅ ብሎ እጅ ነሳቸው።

ሆሪ ይህ ከደንቡ ውጭ መሆኑን ታውቃለች። ይሁን እንጂ በሥራ ላይ ሃያ ዓመት ስትቆይ አንዲትን አሮጊት በሰው ፊት «ይተዉ» ብላ አታውቅም። ስለዚህ ዩብራጅ እናቱን እንዲናገርላት እሱን አየችው። ዩብራጅ ደግሞ በሰው ፊት እናቱን ተናግሮ ስለማያውቅ እሷ እንድትናገርለት እሷን አያት። ሁለቱም ፈገግ አሉ። ሁለት ጨዋ ሲገናኝ ሜዳው የሦስተኛው ነው።

ቀጥሎ የሕፃን አስተጣጠብ መጣ። እማ ቺጃ የላስቲኩን አሻንጉሊት ከሆሪ እጅ ተቀብለው፣ ከጉያቸው የሰናፍጭ ዘይት ብልቃጥ አውጥተው፣ ከአናቱ እስከ ተረከዙ አሹት። እጆቹን ደረቱ ላይ አመሳቀሉ፣ እግሮቹን ሳቡ፣ አፍንጫውን ቆነጠጡ። እርጉዞቹ ወንበራቸውን ትተው ከበቧቸው። አንዷማ የራሷን ክንድ ዘርግታ አሳሸች። ሆሪ ማስታወሻ ትጽፍ ነበር። ዩብራጅ ፎጣ ይዞ ቆሟል።

በመጨረሻ ሆሪ ማኅተሙን አወጣች። ዝርዝሯን አየች፤ ልምምዱን የሠራው ማን እንደሆነ አሰበች፤ ከዚያም ደብተሩን በእማ ቺጃ ስም አትማ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

ዩብራጅ እንደ ምንም ብሎ ተጠጋት። «ይቅርታ፣ ማኅተሙ በእኔ ስም ሊሆን አይችልም?»

ሆሪ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ በጥርሶቿ መካከል አየር ሳበች። «እሱ ትንሽ ያስቸግራል» አለች።

ዩብራጅ በዚህ አገር ሰባት ዓመት ኖሯል። «ትንሽ ያስቸግራል» ማለት በሩ ተቆልፎ ቁልፉ ወንዝ ውስጥ ተጥሏል ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ቤት ሲደርሱ አስሚታ እግሯን በትራስ ላይ ሰቅላ ትጠብቅ ነበር።

«አገኘህ?»

«ተገኝቷል» አለና መሬት መሬቱን አየ።

«ማን አገኘ?»

«እኔ ነኝ እንጂ!» አሉ እማ ቺጃ ደብተሩን ከፍ አድርገው። «ወንድ እዚያ ገብቶ ምን ይሠራል? ቆሞ ይገረጣል እንጂ።»

«እውነትዎን ነው፣ እማ» አለች አስሚታ በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ ከባሏ ጋር መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ወደ እሱ ዞረች። «እሺ፣ እናትህን እምቢ ማለት አትችልም። ያቺን አዋላጅ እምቢ ብትላት ምን ነበረበት?»

«እሷም እኮ እምቢ አላለችኝም።»

«ታዲያ ማን ነው እምቢ ያለህ?»

ዩብራጅ አሰበ። «ማንም» አለ።

አስሚታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ዩብራጅ በየጠዋቱ እናቱን ሊናገር ቆርጦ ይነሳል። በየጠዋቱም እናቱ ሸሚዙን አጥበው፣ ሻዩን አፍልተው ይጠብቁታል። አንድ ቀን ብቻ ደፈረ።

«እማ፣ ስለዚያ ማኅተም ነገር…»

«ደህና ቦታ አስቀምጬዋለሁ፣ አታስብ» አሉት።

ምጡ የመጣው በሐምሌ፣ ሐሙስ ቀን፣ ምግብ ቤቱ በምሳ ተመጋቢ በተጨናነቀበት ሰዓት ነው። ዩብራጅ ሽርጡን ሳይፈታ ሮጠ። ክሊኒኩ በር ላይ እማ ቺጃ ደብተሩን፣ እዚህ አገር ሰው ሲያደርግ እንዳዩት፣ በሁለት እጃቸው ለተቀባይዋ ሰጥተው ገቡ። አስሚታ በተሽከርካሪ አልጋ ስታልፍ ባሏን አየችው። በሩ ተዘጋ። ዩብራጅ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆሪ በላብ ተነክራ ወጣች።

«አቶ ጉሩንግ፣ በጣም ይቅርታ። እኔ ተንፍሺ ስላት እናትዎ አምቂ የሚሏት ይመስለኛል። ወደ ግራ ሳዞራት ወደ ቀኝ ይመልሷታል። ባለቤትዎም የምትለው አልገባኝም። ከባድ ነው ትላለች፣ ከዚያ ይቅርታ ትላለች፣ እንደገና ከባድ ነው።»

«ልግባ?»

«አንድ ጎብኚ ብቻ ነው የሚፈቀደው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ከዚያ ትምህርት በኋላ ደንቡን ደግሜ አነበብኩት። አስተርጓሚ ጎብኚ አይደለም። የተጻፈው ከዕቃዎቹ ጋር ነው፤ ከኦክስጅኑ ቀጥሎ።»

«እሺ፣ ዕቃ ነኝ» አለ ዩብራጅ።

ቅጽ አመጣችለት። ስም፣ ቋንቋ፣ ከወላዷ ጋር ያለ ዝምድና። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «አስተርጓሚው ቤተሰብ መሆን የለበትም» ይላል። ሆሪ አውራ ጣቷን ዝምድና የሚለው መስመር ላይ አሳረፈች። ጽፎ እስኪጨርስ ድረስም አላነሳችም፤ መስመሩ ባዶ ቀረ።

አስተርጓሚ የሚቆመው ከወላዷ ራስጌ፣ ከመጋረጃ ኋላ ነው። የሚናገረውም የተባለውን ብቻ ነው። ዩብራጅ በቦታው ቆመ።

«መጣህ?» አለች አስሚታ።

«መጣህ ወይ እያለች ነው» ብሎ ለሆሪ ተረጎመላት። ሆሪ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች።

«ካንቻ! ምን ልትሠራ ገባህ? ውጣ! ነውር ነው!» ብለው እማ ቺጃ ጮኹ።

«ምን አሉ?» አለች ሆሪ።

ዩብራጅ ጉሮሮውን ጠረገ። «በርቺ እያሏት ነው።»

«ጥሩ ነው። እባክዎ እጃቸውን ከሆዷ ላይ እንዲያነሱ ይንገሩልኝ።»

«እማ፣ እጅሽን ከሆዷ ላይ አንሺ። ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ አዋላጇ ናት። ደግሞም እዚያ ጥግ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ። እስክትጠሪም ዝም በይ።»

እማ ቺጃ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ይህን ሁሉ ነው ያለችው?»

«ጃፓንኛ አጭር ነው» አለ።

እማ ቺጃ ሆሪን አዩ። ሆሪም፣ ምን እንደተባሉ ባታውቅም፣ በጨዋነት እጅ ነሳቻቸው። እማ ቺጃም ሄደው ተቀመጡ።

አስሚታ በመጋረጃው ሥር እጇን ሰድዳ ሽርጡን ያዘች። አልተሳሳቁም፤ ለዚያ ጊዜ አልነበራቸውም። ሆሪ «ተንፍሺ» ስትል እሱ «ተንፍሺ» ይላል። ሆሪ «አሁን ግፊ» ስትል እሱ «አሁን ግፊ» ይላል። አስሚታ በኔፓልኛ ስለ እሱ፣ ስለ ዘር ማንዘሩና ስለ ጨዋነቱ የምትለውንም ምንም ሳያስቀር ለሆሪ ተረጎመ። ሆሪ እያንዳንዱን «ገባኝ» እያለች ተቀበለች።

ልጅቷ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ተወለደች፤ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም ትመዝን ነበር። በክሊኒኩ መዝገብ ላይ «ጎብኚ፣ አንድ፤ አስተርጓሚ፣ አንድ፤ አባት፣ አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈ። በአምስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ዩብራጅም በማግስቱ ሥራ ገባ።