ሁለት ሌሊት ያለ ሳግቦ

አርብ ጠዋት ዚንሱ መንትያውን በሸሚዝ ኪሱ ይዞ እማማ ሁዌፋ ቤት ሄደ።

መንትያው ሳግቦ በሰባት ዓመቱ በወባ ከተለየ ወዲህ መዳፍ የሚያህል የእንጨት ምስል ነው። ምስሉ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ለአንዱ የተደረገው ለሌላውም ይደረጋል። ካልተደረገ የሄደው ይቀናል፤ የቀና መንትያ ደግሞ መጥቶ የቀረውን ይወስደዋል። አቦሜ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እናታቸው እስክትሞት ድረስ ሳግቦን በመቀነቷ ሸጉጣ የምትዞረው እሷ ነበረች። ከእሷ በኋላ ወደ ዚንሱ ኪስ ተዛወረ። ዚንሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ለራሱ ሸሚዝ ሲሰፋ ከትርፍራፊው ለሳግቦም ይሰፋል። አንገትጌው ጣት አያስገባም።

እማማ ሁዌፋ መንገድ የሚወጡ ሰዎች መንትዮቻቸውን አደራ የሚሰጧት ሴት ናት። ምንጣፏ ላይ ብዙ የእንጨት ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል።

"ምን ይወዳል?" አለችው።

"አደንጓሬ በቀይ ዘይት።"

"ሁሉም የሚሉት እንደዚያው ነው። እህ፣ ኮቶኑ ምን አለህ?"

"ምንም። ቅዳሜና እሁድን ላርፍ ነው።"

"ለምንም ተብሎ ኮቶኑ ይኬዳል? ሴት ናት በለኛ፣ አንተ!" ምስሉን ወደ ፊቷ አዞረችው። "ይኸው ወንድምህ ሳቀ። አንተ ነህ የማትስቅ።"

ዚንሱ አቀረቀረ። ሴት ብትሆን ኖሮ ይነግራት ነበር። ያሰበውን ግን ለማንም አልተናገረም። ሁለት ሌሊት እንደ አንድ ሰው ያድራል። ለአንድ ሰው ይበላል፣ ለአንድ ሰው ይተኛል። ሳግቦ ካልወሰደው እሁድ ይመለስና እማማ ሁዌፋን "እዚሁ አንቺ ጋ ይቅር" ይላታል፤ ከዚያ በኋላ ኪሱ ባዶ ይሆናል። ከወሰደውም ወሰደው ነው።

ያረፈው ኮቶኑ፣ ፊጅሮሴ የሚባል ሰፈር ባሕሩ ዳር፣ ሻንጣ ያዘሉ መንገደኞች በአልጋ እየከፈሉ የሚያድሩበት ቤት ነው። ባለቤቲቱ ማዳም ብላንዲን ፎጣ እያቀበለችው "ብቻህን ነህ?" አለችው።

"ብቻዬን ነኝ" አለ። ዕድሜውን ሙሉ ብሎት አያውቅም።

ክፍሉ ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች ቆመዋል፤ የተያዘው ግን አንድ ብቻ ነበር። የያዘው ኢሲያካ የሚባል፣ ባሕር ከሌለበት ከቦቦ ከተማ የመጣ ቀጭን ረጅም ሰው ነው። ባሕር ለማየት አገር አቋርጦ መጥቶ፣ ካየው በኋላ ፈርቶት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል።

"ከየት ነህ ወንድሜ?" አለው በፈረንሳይኛ።

"ከአቦሜ።"

"የነገሥታቱ አገር! ታዲያ መሬት ልሳምልህ?"

"ተወው፣ አሸዋ አፍህ ይገባል።"

ኢሲያካ ከት ብሎ ሳቀ። ዚንሱ ከማያውቀው ሰው ጋር መቀለዱ ራሱን ገረመው።

አመሻሹ ላይ የተጠበሰ ዓሣና አካሳ የሚባል የበቆሎ ሙልሙል አዘዘ። አንድ ሳህን ብቻ። እጁ ልማዱን አልተወምና አካሳውን ለሁለት ገመሰው፤ ከዚያ ሁለቱንም ጉማጅ ራሱ በላ። አጥንት ያንቀኛል ብሎ ጠበቀ። አላነቀውም። ዓሣው ይጣፍጥ ነበር፤ ያስፈራውም መጣፈጡ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ኢሲያካ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

"አንተ ሰው፣ ሌሊቱን ምን ሆነህ ነው ያደርከው?"

"አንኮራፋሁ?"

"ማንኮራፋትማ ምን አለበት! ታወራለህ። በእናንተ ቋንቋ ነው፤ እኔ አልሰማውም።" ትንሽ አመነታ። "ድምፁ ደግሞ ያንተ አይደለም። የልጅ ነው።"

ዚንሱ ከአልጋው ቀና አለ።

"የለየሁት አንድ ቃል ብቻ ነው። ስምህን። ዚንሱ፣ ዚንሱ እያልክ ትጣራለህ። ሰው እንዴት ራሱን ይጠራል?"

መጣ፣ አለ ዚንሱ በልቡ። ሊወስደኝ መጣ።

"ተቆጥቷል?"

"ማን?"

"ድምፁ።"

ኢሲያካ አሰበ። "አይ። ገበያ ውስጥ እናቱ የጠፋችበት ልጅ ይመስላል።"

ያን ጊዜ ዚንሱ መንትያ እንደነበረው፣ አሁን እንደሌለ፣ ምስሉን ጥሎት እንደመጣ ነገረው። ኢሲያካ አልሳቀም።

"ዛሬ በስልኬ ልቅዳው?"

"አይቀዳም!" አለ ዚንሱ ቆጣ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ብትጠይቅልኝ ነው የሚሻለው።"

ቀኑን አሸዋው ላይ ሆነው ዋሉ፤ ኢሲያካ ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሁለት ጥያቄ በአቦሜ ሰዎች ቋንቋ፣ በፎን፣ ያጠናል። የት ነህ? መቼ ትመጣለህ?

"አካሳ ጎርሰህ የምታወራ ነው የምትመስለው" አለው ዚንሱ።

"ምላሴ የቦቦ ነው፣ ምን ላድርገው! ከገባው ይበቃል።"

"ልጅ ነው፤ ይስቅብሃል።"



እሁድ ጠዋት ኢሲያካ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እንደ ቁርአን ተማሪ በቃሉ የያዘውን እያነበነበ ጠበቀው። "ሳልረሳው ስማኝ። የት ነህ አልኩት። እንዲህ አለኝ" ብሎ ትርጉሙን የማያውቀውን ነገር ቃል በቃል አወጣው።

እንጨት ለቀማ ላይ ነኝ።

ዚንሱ የአልጋውን ብረት ያዘ። በአቦሜ መንትያ ሞተ አይባልም። እንጨት ሊለቅም ጫካ ሄዷል ነው የሚባለው። ይህን ለኢሲያካ አልነገረውም፤ ቢነግረውም እንኳ ኢሲያካ ከራሱ ፈጥሮ በፎን ቋንቋ ሊለው አይችልም።

"መቼ ትመጣለህ ስለውስ፣ ይኸውልህ።"

ለቅሜ ጨርሻለሁ። አስሬዋለሁም። የሚያሸክመኝ ነው ያጣሁት።

ዚንሱ ትርጉሙን ፈታለት። ኢሲያካ እጁን አፉ ላይ ጫነ። "ይህን ሁሉ ዓመት?"

"ይህን ሁሉ ዓመት።"

መጥቶ ይወስደኛል ብሎ ሲፈራው የኖረው ልጅ፣ መሄድ አቅቶት ሸክሙ አጠገብ ቆሞ ነው ያለው። ዚንሱ የተነሳበት አልጋ ላይ ተመልሶ ጋደም አለ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለ ኢሲያካ።

"ልተኛ።"

"አትበድ! ሄደህ ብትቀርስ?"

"ከቆየሁብህ ስሜን ጥራ። ጮክ ብለህ። የእኔን ነው ታዲያ፤ የሱን እንዳትጠራ።"

"እኔ የመጣሁት ባሕር ለማየት ነበር" እያለ ኢሲያካ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ።

ዚንሱን እንቅልፍ ወሰደው። ጫካው ጥላ ነበር። ልጁ በሐረግ የታሰረ እንጨት አጠገብ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል። ዚንሱ ሲደርስ ቀና ብሎ አየው፤ ዓይኑ ግን አልፎት ሄደ። ከዚያ ጨዋ ልጅ ለትልቅ ሰው እንደሚናገረው ተናገረ።

"ጋሼ፣ በመንገድ ላይ ዚንሱን አላዩትም? እኔን የሚመስል ልጅ ነው።"

ዚንሱ አፉን ከፈተ። "እኔ ነኝ" ቢለው ልጁ እጁን ይይዘዋል። ከያዘው አይለቀውም፤ እሱም ያቺን እጅ ማስለቀቅ አይችልም። ደግሞስ የሚፈለገው ልጅ የት አለ? ልጁ የሚጠብቀው በልኩ ያለውን ዚንሱን ነው።

"አላየሁትም" አለ። "ና ላሸክምህ።"

እንጨቱ ይከብድ ነበር። አንስቶ አናቱ ላይ አደረገለት። ትንሹ አንገት ተንገዳገደና ቀጥ አለ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ልጁ። "ዚንሱ ከመጣ፣ ቀድሞህ ሄዷል ይበሉልኝ።"

ሄደ። ዚንሱ ሊጠራው ፈለገ፤ ከሩቅ ግን አንድ ሰው ስሙን እያበላሸ ይጮህ ነበር።

"ዚንሱ! ተነስ፣ አንተ! ዚንሱ!" ኢሲያካ ትከሻውን ይዞ ያርገፈግፈዋል። "ገደልከኝ እኮ! አገኘኸው? ምን አለህ?"

ዚንሱ ተነስቶ ተቀመጠ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ የባሕሩ ድምፅ ይገባል። ከእንግዲህ ሊወስደው የሚመጣ የለም። ማንም አይመጣም።

"ጋሼ አለኝ" አለ።